ግሪሳ ለምን በመንጋ ትመጣለች?

ቆላ ያደገ ሰው ግሪሳን ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን እንደ ባላጋራ ነው። እኔም በልጅነቴ ማሽላ ጠብቄያለሁ። ገና ጎሕ ሲቀድ ወንጭፌን ይዤ ማማ ላይ እወጣለሁ፤ ጠጠሩ ከማታ ጀምሮ ተለቅሞ ተከምሯል። ጥቂት ቆይቶ ከወንዙ ማዶ ጭስ የመሰለ ነገር ይነሣል። ጭሱ ይጠጋል፣ ይሰፋል፣ መልሶ ይጠባል፤ ከዚያ እንደ ደራሽ ውኃ ያለ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የክንፍ ድምፅ ነው። በዚያች ሰዓት "ይህች ወፍ ምን ዓይነት ወፍ ናት?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የለም።

ጥያቄውን የሰማሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። ጥቅምት ውስጥ ሁለት ሳምንት የቀረ አንድ ተማሪ ተመልሶ መጣና "የት ከርመህ ነው?" ስለው "ወፍ ስጠብቅ" አለኝ። ቀጥሎም "መምህር፣ ግሪሳ ግን ለምን አንድ ሁለት ሆና አትመጣም?" ሲል ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከወፏ ምንቃር ተነሥተን፣ በሣር ፍሬ በኩል አልፈን፣ ዝናብ ዘንድ መድረስ አለብን። ወደ መንጋው የምንመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እስቲ ቀስ እያልን እንሂድ።

ለጊዜው መንጋውን እንተወውና አንዲቱን ወፍ ብቻ እንመልከት። ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት። ክብደቷ ከ15 እስከ 26 ግራም ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር መዳፋችሁ ላይ ብታፈሱ አንዲት ግሪሳ የያዛችሁ ያህል ነው። ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያለ ሰረዝ አለበት፣ ሆዷ ነጣ ይላል። ከሩቅ ያያት ሰው ድንቢጥ ቢላት አይፈረድበትም። የምትለየው በምንቃሯ ነው፤ አጭር፣ ሥሩ ላይ ወፍራም፣ ቀለሙም ቀይ ነው። የሴቷ ምንቃር በመራቢያ ወቅት ወደ ቢጫነት ይለወጥና ወቅቱ ሲያልፍ መልሶ ይቀላል።

ሳይንቲስቶች ኩዌሊያ ይሏታል። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1758 የመዘገበላት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኒየስ ነው። መጀመሪያ የሕንድ ወፍ መስላው ነበር፤ አፍሪካዊት መሆኗን ያረመው በኋላ ነው። ከሰሃራ በታች ጥቅጥቅ ካለው ደን በቀር በሣር ምድር ሁሉ ትኖራለች። ሦስት ንዑስ ዝርያዎች (በሚኖሩበት አካባቢ በመጠኑ የተለያዩ የአንድ ዝርያ ቅርንጫፎች) አሏት፤ በእኛ አገር ያለችው ከሱዳን እስከ ታንዛንያ የምትገኘው ናት፤ መጠሪያዋም ኤቲዮፒካ ነው።

ወገኗ ከሸማኔ ወፎች ነው። ግራር ላይ እንደ ቅል የተንጠለጠለ ጎጆ የሚሠሩትን ቢጫ ወፎች አይታችሁ ከሆነ የቅርብ ዘመዶቿን አይታችኋል። ከዘማሪ ወፎችም ትቆጠራለች። ዘማሪ ለመባል ጣፋጭ ዜማ ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ሲሪንክስ (የወፍ የድምፅ ሳጥን) በብዙ ጥቃቅን ጡንቻዎች የሚታዘዝ መሆኑ በቂ ነው። የግሪሳ ድምፅ በእውነቱ ጫጫታ ነው፤ ብዙ ሆነው ሲያድሩ ያደሩበት ዛፍ እንደ ገበያ ይንጫጫል።

ስለ ወንዱ ፊት አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። በመራቢያ ጊዜ ወንዱ ግሪሳ ፊቱ ላይ ጭምብል የመሰለ ላባ ያወጣል። የአንዱ ጭምብል ጥቁር፣ የሌላው ነጭ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ቀላ ያለ ቀለም አለው። በብዙ ወፎች ዘንድ የደመቀ ላባ የጤናና የጉልበት ማስታወቂያ ነው። ጀምስ ዴል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት ግን የግሪሳ ጭምብል ከወንዱ ብርታት ጋር እንደማይያያዝ አሳየ። ታዲያ ለምን ይጠቅማል? የቀረበው ማብራሪያ ለመታወቂያ ነው የሚል ነው። ሺህ ጎረቤት ባለበት መንደር ውስጥ የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ቢሆን ማን የማን ጎረቤት እንደሆነ አይለይም፤ በየጊዜውም ጠብ ይነሣ ነበር። ፊት ሲለያይ ጎረቤት ይታወቃል። ተሰብስቦ መኖር የወፏን ፊት ሳይቀር እንደቀረጸው ልብ በሉ።

አሁን ወደ ምንቃሯ እንመለስ። አጭርና ሥሩ ወፍራም የሆነ ምንቃር እንደ ጉጠት ነው፤ ትንሽ ፍሬ ይዞ ለመፈልፈል የተሠራ። የግሪሳ ዋና ምግብ የዱር ሣር ፍሬ ነው። ከዘራነው እህልም የምትደፍረው ምንቃሯ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ሩዝ። በቆሎ ግን ፍሬው ስለሚበልጣት አትነካውም።

በቀን 10 ግራም ያህል ፍሬ ትበላለች። ይህ የራሷን ክብደት ግማሽ መብላት ነው። ለምን ይህን ያህል? ጀበናና ሲኒን አስቡ። ሁለቱም ውስጥ ያለው ቡና እኩል ቢሞቅም የሲኒው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ነገር ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የተጋለጠው ገላው ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል። 20 ግራም የምትመዝን ወፍም ሲኒ ናት። የሚያመልጣትን ሙቀት ለመተካት ቀኑን ሙሉ መልቀም አለባት፤ መብረር ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል።

እስቲ ይህን ቁጥር እናባዛው። 10 ግራም በአንድ ሚሊዮን ወፍ ሲባዛ 10 ሚሊዮን ግራም፣ ማለትም 10,000 ኪሎ ይሆናል። ይህ 100 ኩንታል ነው፤ በአንድ ቀን። አንድ ሚሊዮን ደግሞ ለግሪሳ ብዙ ቁጥር አይደለም። በመላው አፍሪካ ከመራቢያ በኋላ ቁጥሯ 1.5 ቢሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል፤ በዱር ከሚኖሩ ወፎች መካከል በብዛት የሚወዳደራት እንደሌለ ይነገራል።

እዚህ ላይ ከበድ ወዳለው ክፍል እንገባለን። ይህን የሚያህል ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ የሚመገበው ከየት ነው?

ክረምት ሲያልፍ ሣሩ ያፈራል፣ ይደርቃል፣ ፍሬውም መሬት ላይ ይረግፋል። በበጋው ወራት ግሪሳ የምትኖረው ይህን የረገፈ ፍሬ እየለቀመች ነው። ፍሬው በየቀኑ እየተመናመነ ይሄዳል፤ ያም ሆኖ ገና አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይጥላል። እኛ ዝናብ መጣ ብለን ደስ ሲለን ለግሪሳ የረሃብ ወር ይገባል። ምክንያቱም ከዝናቡ በኋላ መሬት ላይ የነበረው ፍሬ ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበቅላል። የበቀለ ፍሬ ቡቃያ ነው፤ ለበሬ ይሆናል፣ ለግሪሳ አይሆንም። አዲሱ ሣር እስኪያፈራ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ምድሩ እየለመለመ ወፏ ትራባለች።

ምን ታደርግ? በመጀመሪያዎቹ የዝናብ ቀናት ገና ያልበቀለውን ፍሬ ትሻማለች፤ ዝናቡ ከመሬት የሚያወጣውን ክንፋም ምስጥም ትለቅማለች። ይህ ሁሉ ስብ ሆኖ በሰውነቷ ይከማቻል፤ ስቡ የመንገድ ስንቅ ነው። ከዚያ ተነሥታ ዝናቡ ወደ መጣበት አቅጣጫ ትበራለች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ዝናብ በአንድ ቀን በሁሉም ቦታ አይጥልም፤ ከአንዱ ወገን ጀምሮ እየገፋ ይመጣል። ዛሬ እዚህ የደረሰ ዝናብ ከወር በፊት ሌላ ቦታ ዘንቦ ነበር። በዚያ ቦታ ያለው ሣር ከእኛው ቀድሞ በቅሎ አሁን አፍርቷል። ስለዚህ ግሪሳ የዝናቡን ቀበቶ በላዩ ተሻግራ፣ ዝናብ ቀድሞ ወደ ጀመረበት አገር ትሄዳለች። እዚያ የደረሰ ፍሬ ይጠብቃታል። በኋላም የዝናቡን ፈለግ ተከትላ ትመለሳለች፤ በየደረሰችበት ሣሩ በቅቶ ታገኘዋለች። ይህን ካርታ አንድ በአንድ ያብራራው እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ፒተር ዋርድ ነው፤ ዋናውን ጽሑፉንም እ.ኤ.አ. በ1971 አሳትሟል።

በመመለሻው መንገድ ላይ ደግሞ ትፈለፍላለች፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። በአንድ ቦታ ፈልፍላ ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ወደ ሌላ ቦታ አልፋ እንደገና ጎጆ ልትሠራ ትችላለች። ለዚህ ማስረጃ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው። ተመራማሪዎች ወፎቹ በተሰበሰቡበት ላይ ከአውሮፕላን ፍሎረሰንት (በልዩ መብራት ሲታይ የሚያበራ) ብናኝ ረጩ። ያ ብናኝ ላባ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በኋላ ሌላ ቦታ የተያዘች ወፍ በመብራቱ ስትታይ ከየት እንደመጣች ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ውጤት ግሪሳ በሸለቆው ውስጥ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረች በአንድ ወቅት ከአንድ ጊዜ በላይ እንደምትፈለፍል የሚያመለክት ነበር።

አሁን የተማሪዬን ጥያቄ ለመመለስ ተዘጋጅተናል። ምግቧ በሰፊው ምድር ላይ ተበታትኖ ያለ፣ አንድ ቦታ ሲገኝ ግን ለሺዎች የሚተርፍ፣ ከዚያ ደግሞ በድንገት የሚጠፋ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ምግብ አንዲት ወፍ ብቻዋን ብትፈልገው ምን ይገጥማታል? ዛሬ በስተ ምሥራቅ ትሄዳለች፣ አታገኝም። ነገ በስተ ምዕራብ ትሄዳለች፣ አታገኝም። ከጉዞዋ ወቅት በቀር የሦስት ቀን ስንቅ በሰውነቷ የላትም፤ ሲኒ ናትና። ሺህ ወፎች ግን በየአቅጣጫው ቢሠማሩ አንዷ ማግኘቷ አይቀርም። ቁም ነገሩ፣ ያገኘችው ወፍ ያወቀችውን ሌሎቹ እንዴት ያውቃሉ የሚለው ነው።

ዋርድና እስራኤላዊው አሞጽ ዛሃቪ እ.ኤ.አ. በ1973 ለዚህ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ግሪሳዎች ቀን በየቡድናቸው ተበታትነው ይውላሉ፤ ሲመሽ ግን በግራር፣ በሸምበቆ ወይም በሸንኮራ አገዳ ውስጥ በብዙ ሺህና ሚሊዮን ተሰብስበው ያድራሉ። ሁለቱ ሊቃውንት ማደሪያውን የወሬ መለዋወጫ አድርገው አዩት። ትናንት የጠገበች ወፍ ንጋት ላይ ሳትወላውል ቀጥ ብላ ትነሣለች፤ የምትሄድበትን ታውቃለችና። ተርባ ያደረችው ትወላውላለች፣ ቀጥ ብለው የሚነሡትን አይታም ትከተላለች። በቋንቋ የተነገረ ነገር የለም፤ አነሣሡ ራሱ ወሬ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ብዙ ተከራክረውበታል፤ እኔ ግን ማማ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን የንጋት አነሣሥ ሳስታውስ የሚያሳምነኝ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ዓይን ነው። መሬት ላይ የምትለቅም ወፍ አንገቷን ደፍታ ነው፤ ጭልፊት ቢመጣ አታይም። ሺህ ወፍ አብሮ ሲለቅም ግን በማንኛውም ቅጽበት ቀና ያሉ ዓይኖች አሉ። አንዷ ብድግ ስትል ሁሉም ይነሣል። መንጋው ሲመገብ ደግሞ ቆሞ አይመገብም፤ ከኋላ ያሉት ወፎች የተለቀመ መሬት ስለሚደርሳቸው ተነሥተው በፊተኞቹ ላይ ያልፉና ከፊት ያርፋሉ፣ ወዲያው ሌሎች ኋለኛ ይሆናሉ። ከሩቅ ሲታይ ጭስ መሬት ላይ የሚንከባለል ይመስላል። በልጅነቴ ያ ጭስ ለምን እንደሚንከባለል አይገባኝም ነበር፤ ለካ ተራ እየተጠባበቁ ነው።

መራቢያቸውን ስናይ ደግሞ አብሮነቱ ከዚህም ይጠብቃል። ወንዱ እሾሃማ ግራር ላይ እርጥብ የሣር ቅጠል እየሰነጠቀ በመጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ላይ ቆሞ ምንቃሩ እስከሚደርስ ድረስ ዙሪያውን ይሸምናል፤ ስለዚህ የጎጆው ስፋት የወፏ ቁመት ልክ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከላይ በጎን በኩል መግቢያ ያለው ክብ ጎጆ ይሆናል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እንቁላል ትጥላለች። በአሥር ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹ መጀመሪያ ነፍሳት፣ ቆይተው ፍሬ እየጎረሱ በሁለት ሳምንት ገደማ ከጎጆ ይወጣሉ። ከጎጆው መሠራት እስከ ልጆቹ ራስን መቻል ስድስት ሳምንት አይሞላም፤ ከወፎች ሁሉ እጅግ አጭር ከሆኑት አንዱ ነው። ችኮላው የመጣው ከሣሩ ነው። ነፍሳቱና እሸቱ ፍሬ የሚበዙት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሆነ የዘገየ ልጁን አያሳድግም።

እንቁላል ለመጣል ፕሮቲን (ገንቢ ምግብ) ያስፈልጋል። ጆንስ የተባለ ተመራማሪና ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳዩት ሴቷ ይህን የምታወጣው ከደረቷ የበረራ ጡንቻ ነው፤ ከመራቢያው በፊት ጡንቻዋ ይፈረጥማል፣ እንቁላሉን ስትጥል ይሟሽሻል። የራሷን ሥጋ ለልጆቿ ትከፍላለች ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ግራር ሥር የወደቀ የግሪሳ ጎጆ ሳይ በእግሬ ገፋ አድርጌው ማለፍ ትቼአለሁ።

በአንድ ግራር ላይ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ጎጆ ሊኖር ይችላል። ኮሎኒ (የጎጆ መንደር) የሚባለው እንዲህ ያለው ስብስብ ነው። የሚያስገርመው፣ በአንድ መንደር ያሉት ሁሉ እንቁላል የሚጥሉት በጥቂት ቀናት ልዩነት መሆኑ ነው። ለምን አንድ ላይ? በሒሳብ እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው። መንደሩ 100 ጎጆ ብቻ ቢኖረውና ጭልፊት፣ ንስር፣ አባ ኮዳና እባብ ተባብረው በቀን 30 ጫጩት ቢበሉ፣ በአሥር ቀን 300ውም ጫጩት ያልቃል። መንደሩ 100,000 ጎጆ ቢኖረው ጫጩቱ 300,000 ነው። አሁን በላተኞቹ በርትተው በቀን 1,000 ቢበሉ እንኳ በአሥር ቀን 10,000 ነው፤ ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ። በላተኛው ሆዱ እስኪሞላ ይበላል፣ ከዚያ በላይ አይችልም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈለፈሉ ጠላት ይጠግባል፣ ትውልዱ ያልፋል። ተነጥላ ዘግይታ የፈለፈለችውን ግን ጠላት ተርቦ ይጠብቃታል።

እንግዲህ ማሽላው ዘንድ ደረስን። ማሽላ ከሣር ወገን ነው፤ ለግሪሳ ፍሬው ተለቅ ያለ፣ በአንድ ቦታ የተከማቸ ሣር ነው። የምትመርጠው ወተት ሲይዝ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ይጨመቅላታል። ሲደርቅ ግን ይከብዳታል። የዱር ሣር ፍሬ በተትረፈረፈበት ዓመት ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ሣሩ ከተመናመነ ግን እርሻው ይከፍላል። በበጋ በመስኖ የሚለማ ስንዴና ሩዝ የሚጠቃውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ገድሎ መጨረስ አይቻልም ወይ? ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣው ጎን ለጎን ግሪሳንም ከአውሮፕላን ሲረጭ ኖሯል። የሚረጨው ፌንቲዮን (ነፍሳትንም ወፍንም የሚገድል መርዝ) ሲሆን ሰዓቱ ምሽት፣ ቦታው ማደሪያው ነው። ለአንድ አካባቢ አዝመራ ይህ እፎይታ ሊሆን ይችላል። ዝርያውን ግን አይቀንሰውም። ግሪሳ ያለ እኛ መርዝም በየዓመቱ ግማሽ ያህሏ ትሞታለች፤ የተረፉት ምግቡ ይሰፋላቸውና በስድስት ሳምንት መልሰው ይተካሉ። መርዙ ደግሞ የሚሞቱትን ግሪሳዎች የሚበሉትን ጉጉቶችና ጭልፊቶች፣ ማለትም የገበሬውን ረዳቶች፣ አብሮ ይገድላል። በእኔ እምነት ቀርቦ ከሚታይ አደጋ በስተቀር ሊደረግ የማይገባው ነው።

የተሻለው ወፏን ካወቅን በኋላ የሚታየን ነው። እርሻ ውስጥ የበቀለ ሣር በወቅቱ ይታረም፤ ብዙ ጊዜ መንጋው መጀመሪያ የሚያርፈው ለአረሙ ፍሬ ነው፣ ማሽላውን የሚለምደው በኋላ ነው። ታኒን (አፍ የሚያኮማትር ጎምዛዛ ንጥረ ነገር) የበዛበት ቀይ ማሽላ በእሸትነቱ ስለሚጎመዝዛት ትሸሸዋለች፤ እርግጥ ለእንጀራም ለሆድም እንደ ነጩ አይመችም፣ ገበሬው መዝኖ የሚወስነው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአንድ ቀበሌ ሰው በተቀራረበ ጊዜ መዝራቱ ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከዘራ ወተት የያዘ ማሽላ ሁለት ወር ሙሉ አይጠፋም፤ መንጋው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ሁሉም አንድ ላይ ከዘራ ግን ማሽላው በአንድ ጊዜ ወተት ይይዝና በአንድ ጊዜ ይጠነክራል፣ ጉዳቱም እንደ ጫጩቶቹ ለሁሉም ይከፋፈላል።

ይህን ሁሉ ለዚያ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ካስረዳሁት በኋላ ደብተሩን አጥፎ ትንሽ አሰበ። "እንግዲያው መምህር፣" አለ፣ "ሁላችንም አንድ ሳምንት ላይ ብንዘራ ከትምህርት የምቀረው ስንት ቀን ነው?" ማሽላ ወተት ይዞ እስኪጠነክር ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳል። ግሪሳ አጥብቃ የምትበላው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነው፤ በቀትር ጥላ ውስጥ ታርፋለች። ቁጭ ብለን አሰላነው፤ ማማውን ከጎረቤት ልጆች ጋር በተራ ቢጠብቁት ከሳምንት አይበልጥም ነበር። ቁጥሩን ጽፎ ለአባቱ ይዞለት ሄደ።